የታቀደ የሰርቨር መቋረጥ ምንድን ነው?

የታቀደ የሰርቨር መቋረጥ የሚባለው፣ ድረ ገጾች የተቀመጡበትን ሰርቨር የሚያስተዳድር የሆስቲንግ ድርጅት ማሽኑን ለመጠገን፣ ሶፍትዌሩን ወደ አዲስ እትም ለማሳደግ ወይም ደንበኞቹን ወደ ሌላ ማሽን ለማዛወር ሲፈልግ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ አሳውቆ አገልግሎቱን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆምበት አሠራር ነው። ከድንገተኛ ብልሽት የሚለየው መጀመሪያው፣ ማብቂያውና ሥራው ባይሳካ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ ከወዲሁ የተወሰነ በመሆኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ ማስታወቂያው ምንም ያህል ቀደም ብሎ ቢላክ፣ የተነገረው ነገር ቀን የተቆረጠለት ብልሽት ብቻ ነው።

ጉዳዩ ድሬዳዋና ሐረር ላለ ነጋዴ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በከዚራ ያለ ሆቴል፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ እንግዳ የሚያሳድር የሐረሪ ቤት ወይም በሳቢያን ተማሪ የሚመዘግብ ኮሌጅ ድረ ገጽ ሲያሠራ፣ ድረ ገጹ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ጀርመን ወይም አሜሪካ ባለ ማሽን ላይ ነው። ክፍያውም በዓመት አንድ ጊዜ በመካከል ባለ ሻጭ ወይም ድረ ገጹን በሠራው ባለሙያ በኩል ይፈጸማል። በዚህ ምክንያት የሆስቲንግ ድርጅቱ ማስታወቂያ በቀጥታ ለባለ ሆቴሉ አይደርስም፤ የሚደርሰው መለያው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። ያ ሰው ሥራ ቀይሮ ወይም ከተማ ለቅቆ ከሆነ፣ በሥርዓት ታቅዶ በጊዜው የተነገረ ሥራ ለባለቤቱ ድንገተኛ አደጋ ሆኖ ይመጣበታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በሆስቲንግ መለያው ላይ የሰፈረው ኢሜይል የማን እንደሆነ ማጣራት ይገባል።

ሰርቨር ሌት ተቀን እንዲሠራ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ቢሆንም፣ ሳይቆም የማይደረግለት ሥራ አለ። የባቡር ጥገና ሥራ በሚታወቅባት ድሬዳዋ፣ ፉርጎ በሐዲድ ላይ እየሮጠ መንኰራኩሩ እንደማይቀየር ማስረዳት አያስፈልግም። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል የደኅንነት ማስተካከያ ሲደረግለት፣ ማስተካከያው እንዲሠራ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ጠፍቶ መነሣት አለበት፤ ይህ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ከባዱ የእትም ለውጥ ነው። ብዙ የሆስቲንግ ድርጅቶች ሲጠቀሙበት የኖሩት ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ድጋፉ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 አብቅቷል፤ ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት የፕሮግራም ቋንቋ የፒኤችፒ 7.4 እትም ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 2022 አብቅቷል። ድጋፉ ካበቃ በኋላ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበት ሠሪዎቹ አይደፍኑትም። በጋራ ሆስቲንግ ደግሞ በርካታ ድረ ገጾች አንዱን ማሽን ስለሚጋሩት፣ በአንዱ በኩል የገባ ሰርጎ ገብ ሌሎቹንም የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። «የእኔ ድረ ገጽ እየሠራ ነው፣ አትንኩብኝ» የሚል ደንበኛ ስሜቱ ቢገባኝም፣ በእኔ አስተያየት በየጊዜው ስለ ጥገና ከሚያሳውቅ ድርጅት ይልቅ ለዓመታት አንድም ቀን ያላሳወቀው ይበልጥ ሊያሳስበው ይገባል። እርግጥ ነው፣ አቅም ያላቸው ድርጅቶች ደንበኛው ሳይሰማ ሥራውን ከማሽን ወደ ማሽን እያዛወሩ ስለሚጠግኑ፣ ዝምታ ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም።

የነገሩ ዋና ጣጣ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የሆስቲንግ ድርጅቶች ሥራውን የሚያደርጉት ሌሊት ነው፤ የማን ሌሊት የሚለውን ግን ደንበኛው ራሱ ማስላት አለበት። ማስታወቂያው በአብዛኛው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይጻፋል። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በዚህ ላይ እኛ ሰዓትን ከንጋትና ከምሽት 12 ጀምረን ስለምንቆጥር ከሌላው ዓለም አቆጣጠር በ6 እንለያለን። ሁለቱ ሲቻቻሉ ቀላል ስሌት ይሰጣሉ፤ በዩቲሲ ከተጻፈው ላይ 3 ሲቀነስ የእኛ ሰዓት ይገኛል። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀነሳል፤ የተጻፈው ሰዓት ከ3 የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ 12 ይደመርበታል። «ማክሰኞ ከ22:00 እስከ 02:00 ዩቲሲ» የሚል ማስታወቂያ እንግዲህ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ማለት ነው። በቀኑ ስም ብቻ ተመርቶ ማክሰኞ ጠዋት የሚጠባበቅ ሰው ምንም ሳያይ ይውልና ሥራው ተሠርዟል ብሎ ይዘናጋል።

ማሽኑ ጀርመን ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው፤ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ሲሉ እኛ ዘንድ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። የአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ እኩለ ሌሊት ግን በክረምታቸው ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በበጋቸው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይውላል። ከዚያ ተነሥቶ አራት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ድሬዳዋ ሥራ የምትሠራበትን ጠዋት በሙሉ ይወስዳል። በምዕራባዊው ጠረፍ በእነርሱ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት የሚጀመር ሥራ በክረምታቸው እኛ ዘንድ ቀትር ላይ ስለሚወድቅ፣ ሱቁ ተዘግቶ ሰው ከምሳና ከጫት በሚቀመጥበት ሰዓት ያልፋል፤ ለአካባቢው ገበያ ከተባለ ይህኛው ይሻላል። ሆኖም ድረ ገጹን የሚጎበኘው የአካባቢው ሰው ብቻ አይደለም። ክፍል የሚይዘው እንግዳ አዲስ አበባ፣ ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ሊሆን ስለሚችል፣ ከመገመት ይልቅ ሰርቨሩ የሚይዘውን የጎብኚዎች መዝገብ ከፍቶ ጭር የሚልበትን ሰዓት ማየት ይበጃል።

ከሰዓቱ ሌላ ቀኑም አለ። የቁልቢ ገብርኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ታኅሣሥ 19 ሲውል በድሬዳዋና በሐረር አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ምእመናኑም ቀድመው ስለሚይዙ ሆቴሎች በድረ ገጻቸው ወይም በኢሜይል ጥያቄ የሚጎርፍላቸው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ይህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓውያኑ ዲሴምበር 28 ላይ፣ ማለትም በእነርሱ ገናና አዲስ ዓመት መካከል ባሉት ጭር ያሉ ቀናት ውስጥ ይውላል። ለሆስቲንግ ድርጅቱ ሰው የማይጎዳበት የሚመስለው ሳምንት ለእኛ የዓመቱ ትልቁ ሳምንት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሐምሌ 19ም እንደዚሁ ነው፤ ለነጋዴዎች ደግሞ ከዒድ በፊት ያሉት ቀናት አሉ። የራሱ ሰርቨር የተከራየ ደንበኛ ቀን እንዲቀየርለት መጠየቅ ይችላል፤ በጋራ ሆስቲንግ ላይ ያለ ግን ሁሉም አብሮ ስለሚቆም ይህ ዕድል እምብዛም የለውም።

ሥራው ከማሽን ወደ ማሽን መዛወርን የሚጨምር ከሆነ፣ መቋረጡ ከተነገረው ሰዓት አልፎ ሊረዝም ይችላል። የዶሜይን ስምን ወደ ማሽኑ የአይፒ አድራሻ የሚመራው ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት፣ መልሱን በየመንገዱ ላሉ ሰርቨሮች አስይዞ ያስቀምጣል፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያዝ የሚወስነው ቲቲኤል የሚባለው በሰከንድ የሚጻፍ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 86400 ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ድረ ገጹ ከተዛወረ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ገሚሱ ጎብኚ አዲሱን፣ ገሚሱ አሮጌውን ማሽን ይከፍታል፤ በዚህ መሐል በአሮጌው በኩል ክፍል የያዘ እንግዳ ስሙ በአዲሱ ዳታቤዝ፣ ማለትም የድረ ገጹ መረጃ በሚከማችበት መዝገብ ውስጥ አይገኝም። ሻንጣውን ይዞ የሚመጣው ግን እውነተኛው ሆቴል ነው። መፍትሔው ከመዛወሩ ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሞ ቲቲኤሉን ወደ 300፣ ማለትም ወደ አምስት ደቂቃ ማውረድ፣ ዝውውሩ ሲጀመርም አሮጌው ድረ ገጽ አዲስ ምዝገባ እንዳይቀበል መዝጋት ነው።

አማርኛ ድረ ገጽ ላለው ደግሞ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ፤ የውጭ አገር ቴክኒሻን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ እስከ 5.7 እትሙ ድረስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ጽሑፍን ላቲን-1 በሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ኮድ እንደተጻፈ ይቆጥር ነበር፤ ከ8.0 ጀምሮ ግን መነሻው የግዕዝን ጨምሮ የዓለምን ፊደላት የሚይዘው ዩቲኤፍ-8 የተባለው ኮድ ሆኗል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ይይዛል። በድሮው ጊዜ የተሠሩ ብዙ ድረ ገጾች እነዚህን ባይቶች «ላቲን-1» የሚል ስያሜ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጠዋል፤ አስገቢውም አውጪውም በተመሳሳይ ስሕተት ስለሚግባቡ ገጹ በትክክል ይነበባል። የ5.7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ካበቃ ወዲህ እንደሆነው ዳታቤዙ ወደ 8.0 ሲዛወር ግን ስያሜውን አምኖ የሚለውጥ ሰው ይገኛል፤ ያኔ አንዱ ፊደል ሦስት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ይሆናል። ይህ ጥንቃቄ ባለው መንገድ ሊመለስ ይችላል። ፊደሎቹ ወደ ጥያቄ ምልክትነት ተለውጠው ከተቀመጡ ግን መረጃው ራሱ ጠፍቷል፤ ከመጠባበቂያ ቅጂ በቀር መመለሻ የለውም። የሆስቲንግ ድርጅቱ «ሥራው ተጠናቋል» ሲል የመነሻ ገጹን ብቻ አይቶ እሺ ማለት በቂ አይደለም፤ በአማርኛ የተመዘገበ ስም መክፈት፣ በአማርኛ ቃል መፈለግ፣ አዲስ ጽሑፍ አስገብቶ መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል።

የፒኤችፒ ለውጥም የራሱን ይሰብራል። ከዳታቤዝ ጋር ለመገናኘት ድሮ ይሠራባቸው የነበሩት የማይኤስኪውኤል ትእዛዞች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በወጣው ፒኤችፒ 7.0 ተሰርዘዋል፤ በእነዚህ ትእዛዞች ተሠርቶ ያልተነካ ድረ ገጽ ሰርቨሩ ሲያድግ ባዶ ነጭ ገጽ ሊያሳይ ይችላል። ጥፋቱ የሆስቲንግ ድርጅቱ አይደለም፤ ድረ ገጹን ቀድሞ በአዲሱ እትም ላይ በሙከራ አስነሥቶ ያላየው ባለሙያ ነው።

በመቋረጡ ጊዜ ጎብኚው የሚያየውም ሊታሰብበት ይገባል። በትክክል የተዘጋጀ ሰርቨር 503 የሚለውን ቁጥር ይመልሳል፤ ትርጉሙ «አገልግሎቱ ለጊዜው የለም» ሲሆን፣ መቼ እንደሚመለስም አብሮ መናገር ይቻላል። ይህን ያየ የጉግል መፈለጊያ ገጹን ሳይሰርዝ ቆይቶ ይመለሳል። በ503 ፈንታ 404 ከተመለሰለት ግን ገጹ ጠፍቷል ብሎ ሊያስወጣው ይችላል። ለሰው የሚታየው ጽሑፍ የስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ቻናል ቢይዝ ደንበኛው ሌላ ቤት ከመሄዱ በፊት ይደውላል።

የሆስቲንግ ድርጅቱ ማስታወቂያ የሚደርስበት ኢሜይል ግን በዚያው በሚቆመው ሰርቨር ላይ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል የጠፉት፣ በመደበኛ ጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የመረጃ ማዕከላቱን ግንኙነት ስለቆረጠ ነበር፤ ችግሩን ሊፈቱበት የሚገባው የውስጥ መሣሪያ ሁሉ በዚያው መረብ ላይ በመሆኑ ጥገናው ተጓተተ። መጠባበቂያ ቅጂም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው የሆስቲንግ ድርጅት የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል፣ ቅጂያቸውን እዚያው ግቢ ያኖሩ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጥተዋል።

ሰርቨሩ ሳይቆም የቆመ የሚመስልበት ጊዜም አለ፤ የእኛ ሰው ለሁሉም «ኔትወርክ የለም» ይላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በድሬዳዋ ስለሆነ፣ የከተማው ሰው ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር አነጻጽሮ ለማየት ከሌላው ቀድሞ ዕድል አግኝቷል። ድረ ገጹ በአንዱ መረብ ተከፍቶ በሌላው ካልተከፈተ፣ ለሆስቲንግ ድርጅቱ ቅሬታ ከመጻፍ በፊት መንገዱን መጠራጠር ይገባል።

በውሉ ላይ የሚጻፈው «99.9 በመቶ አገልግሎት» የሚለው ቃል ኪዳን በዓመት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ፣ በ30 ቀን ወር ውስጥ ደግሞ 43 ደቂቃ ያህል መቋረጥን ይፈቅዳል። አብዛኛዎቹ ውሎች አስቀድሞ የተነገረን ጥገና ከዚህ ቁጥር ውጭ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ውሉን ሲያነቡ ማስታወቂያው ከስንት ሰዓት በፊት መላክ እንዳለበትና ከተነገረው ሰዓት ያለፈው መቋረጥ እንዴት እንደሚቆጠር የሚገልጹትን አንቀጾች መፈለግ ይጠቅማል። ካሳው ብዙውን ጊዜ ከቀጣዩ ክፍያ ላይ የሚቀነስ ሒሳብ ሲሆን ደንበኛው ካልጠየቀ አይሰጥም። የሚጠይቀውም ድረ ገጹ የቆመበትንና የተመለሰበትን ደቂቃ በዩቲሲ ጽፎ፣ የተላከለትን ማስታወቂያ አያይዞ ነው።