ላቡ ጨው ጨው የሚል ልጅ፦ ስለ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ በሙቀቱ ወራት የማያልበው የለም። ሸሚዝ ላይ ነጭ የጨው መስመር ማየት ብርቅ አይደለም። ልጇን ስትስም ጨው ጨው የሚላት እናት «ሙቀቱ ነው» ብትል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው፣ በዘር የሚወረስና በተለይ ሳንባንና የምግብ መፈጨትን የሚጎዳ በሽታ ያለበት ልጅ ላብ ግን ከሌላው ሰው ላብ በብዙ እጥፍ ጨዋማ ነው።

«እንግዲያው ጨው ይቀነስለት»
ይሄ አደገኛ ነው። ጨዉ በላብ እየወጣ እያለቀበት ነው እንጂ አልበዛበትም። በ1948 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክን ኃይለኛ ሙቀት ሲመታት፣ ይሄ በሽታ ያለባቸው ሕፃናት ፈሳሽና ጨው አልቆባቸው ተዝለፍልፈው ሆስፒታል ገቡ። ዶክተር ፖል ዲ ሳንታኜዜ በ1953 ምክንያቱ ላባቸው መሆኑን አሳዩ። እንደ ድሬ ባለ ቆላ እንዲህ ያለው ልጅ፣ ሐኪም በሚለው መጠን፣ ተጨማሪ ጨውና ውሃ ነው የሚያስፈልገው።

«የተበላሸው አንድ ነገር ስለሆነ ጉዳቱም በሁሉም ቦታ አንድ ነው»
እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። በሴል ሽፋን ላይ ሲኤፍቲአር የሚባል፣ ከጨው ሁለት ክፍሎች አንዱን ክሎራይድን የሚያሳልፍ ቻናል (መተላለፊያ በር) አለ፤ በዚህ በሽታ የሚበላሸው እሱ ነው። አጠገቡ ሌላውን የጨው ክፍል ሶዲየምን የሚያስገባ ኢናክ የሚባል ቻናል አለ። ሥራቸው የተያያዘ ነው። በላብ ቱቦ ውስጥ ሲኤፍቲአር ክሎራይዱን ከላቡ ወደ ሰውነት ይመልሳል፤ ሶዲየሙም በኢናክ በኩል አብሮ ይመለሳል። ሲኤፍቲአር ከሌለ ሁለቱም ላቡ ውስጥ ይቀራሉ።

ሳንባ ውስጥ አቅጣጫው ይገለበጣል። እዚያ ሲኤፍቲአር ክሎራይድና ባይካርቦኔት ወደ አየር ቧንቧው ገጽ ያወጣል፤ ውሃም ይከተላል። እሱ ሲጠፋ ኢናክ ሶዲየም መሳቡን አያቆምም፣ ውሃውንም ይዞት ይገባል። አክታው ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል። ቆዳ ላይ ጨው የሚያባክነው ያው ጉድለት ሳንባን ያደርቃል።

«ሳል ስለሆነ ይተላለፋል»
በሽታው አይተላለፍም። ከእናትም ከአባትም የተለወጠ ጂን ሲወረስ ብቻ ነው የሚመጣው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው»
አውሮፓውያን ላይ ይበዛል እንጂ አፍሪካውያንንም ይይዛል። እንዲህ ተብሎ ስለሚታለፍ ልጁ በቲቢ ወይም በአስም ስም ሲታከም ሊኖር ይችላል። ሳሉ የማይለቀው፣ እየበላ የማይወፍር፣ ሰገራው ቅባት የሚበዛበት ልጅ ላቡም ጨው ጨው ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። በላብ ምርመራ ክሎራይዱ በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ሳይሆን አይቀርም።