የመኪና ኢንሹራንስ በኢትዮጵያ፦ ምን ይሸፍናል? አረቦኑስ የት ላይ ይቀንሳል?

የፊት መስታወት ላይ የምትለጠፈው ስቲከር ብዙ ሰው ታሞኛለች። «ኢንሹራንስ አለኝ» ያስብላል። ስቲከሯ ግን የሶስተኛ ወገን መድን ናት፤ የራስን መኪና አትነካም። ይህ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ፓራውልቱ ከተሰበረ በኋላ ነው።

የሶስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 559/2000 መጣ፣ በኋላ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ያለ እሱ ቦሎ አይገኝም። የሚከፍለው መኪናው ለገጨው ሰውና ላበላሸው ንብረት ነው። የተጎዳው ሰው አስቸኳይ ህክምና የማግኘት መብት አለው። ገጪው ካመለጠ ወይም ኢንሹራንስ ከሌለው ለተጎጂው የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። የመኪናው ባለቤት ግን ለራሱ መኪና ጥገና ከዚህ ውል ሰባራ ሳንቲም አያገኝም።

ሌላም ነገር አለ። አዋጁ የሚያስከፍለው ካሳ ጣሪያ አለው፤ የባለቤቱ ኃላፊነት ግን እዚያ አያበቃም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 2081 መሰረት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ከጣሪያው ያለፈው የባለቤቱ እዳ ነው። ሙሉ ሽፋን፣ ማለትም የራስን መኪናም የሚጨምር ውል፣ የሚገባ ሰው ይህንን ጣሪያ ማስጨመር ይችላል። ጥቂት ሰው ነው የሚጠይቀው፤ በኔ እይታ ግን ከመስታወት ስርቆት ይልቅ ቤት የሚያፈርሰው ይሄኛው ነው።

ኢንሹራንስ ሻጩ በደርግ ዘመን አንድ ብቻ ነበር። ደርግ በ1967 ኩባንያዎቹን ወረሰ፤ በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። የግል ኩባንያዎች የተፈቀዱት በ1986 ነው። ዛሬ ሁሉም በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ስር ይሰራሉ። የሶስተኛ ወገኑ አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ በታሪፍ የተወሰነ ስለሆነ ዋጋ ማወዳደር የሚያዋጣው ለሙሉ ሽፋኑ ነው።

ሙሉ ሽፋን ወይም ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ግጭትን፣ መገልበጥን፣ እሳትንና ስርቆትን ይይዛል። ሙሉ ይባል እንጂ ሙሉ አይደለም። ሞተር በእርጅና ቢነክስ አይከፈልም። ጠጥቶ የነዳ ወይም መንጃ ፈቃዱ የማይፈቅድለትን መኪና የያዘ ሰውም ካሳ አያገኝም። ለግል ብሎ ያስመዘገበውን ኮድ 2 መኪና ሰው እያሳፈረ የሚሰራበትም እንደዚያው። የሁከትና የብጥብጥ ጉዳት በተጨማሪ ክፍያ የሚገዛ ሽፋን ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሻገር ደግሞ የኮሜሳን ቢጫ ካርድ፣ ማለትም ድንበር ተሻግሮ የሚሰራውን የሶስተኛ ወገን መድን፣ ያወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አረቦኑ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ መቶኛ ነው። ስለዚህ በቀላሉ የሚታየው መቀነሻ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ነው። አንድ ጎረቤቴ ቪትዙን እንዲህ አደረገ። ገበያ ላይ 2 ሚሊዮን ብር የምታወጣውን መኪና፣ ያለፈው ዓመት ውል ላይ በነበረው 1 ሚሊዮን አሳደሰ። «ምን ሊመጣ» አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አይሱዙ ኮፈኗንና የፊት መብራቷን ይዞባት ሄደ። ጥገናው 200,000 ብር ተገመተ። ኩባንያው ግማሹን፣ 100,000ውን ብቻ አሰበ፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ኤክሰሱን፣ ማለትም በእያንዳንዱ አደጋ መድን ገቢው ከኪሱ የሚሸፍነውን፣ ቀነሰ። ጎረቤቴ «ተጭበረበርኩ» ብሎ ጮኸ። ውሉ ግን ግልጽ ነበር። የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ካስመዘገብክ ግማሽ ጉዳቱን አንተው ተሸክመሃል ማለት ነው። ይህንን አቨሬጅ ይሉታል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ሳያስቡት እዚህ ወጥመድ ውስጥ የገቡ ባለመኪኖች ብዙ ናቸው። ማንም ዋጋ አልቀነሰም፤ ገበያው ጥሏቸው ሄደ እንጂ። እድሳት ሲደርስ የአሁኑን የገበያ ዋጋ ደላላም ቢሆን ጠይቆ ማስተካከል ይሻላል።

ታዲያ የት ይቀነስ? ኤክሰሱ ላይ። ከፍ ያለ ኤክሰስ የሚቀበል ሰው አረቦኑን ማስቀነስ ይችላል። ሁለተኛው ኖ ክሌም የሚሉት ነው፤ ካሳ ሳይጠይቁ ባለፉ ዓመታት ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ቅናሽ። ኩባንያ የሚቀይር ሰው ይህ ቅናሽ በባዶ እንዳይቀርበት ከቀድሞው ኩባንያ ደብዳቤ ይዞ ይሂድ። ብዙ መኪና በአንድ ላይ የሚያስገባ ድርጅት ወይም ቤተሰብም መደራደር ይችላል። የማያስፈልግ ተጨማሪ ሽፋን ካለ ይውጣ፤ ያረጀች መኪና ላይ ደግሞ ሙሉ ሽፋን ያዋጣል ወይ ብሎ ማስላትም አይከፋም።

አደጋ ከደረሰ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ትራፊክ ጠርቶ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ንድፍ፣ ማስነሳት ነው። መንገድ ዳር «በሽምግልና እንጨርሰው» ተብሎ የተፈረመ ወረቀት የካሳ ጥያቄውን ሊያበላሸው ይችላል፤ ኩባንያው ከፍሎ አጥፊውን የመጠየቅ መብቱ ይነካልና። ከዚያ ሊብሬና መንጃ ፈቃድ ይዞ ማመልከት፣ መርማሪ እንዲያይ ማድረግ፣ የጋራዦችን ጨረታ መጠበቅ ነው። ጨረታው ቀናት ይበላል፤ እዚህ ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል።

ሁሉም ጭረት ግን ለኩባንያው አይነገርም። ኤክሰሱ 10,000 ብር ሆኖ ስፖኪዮና ቀለሙ 12,000 ቢያስወጣ የሚገኘው 2,000 ብር ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚጠፋው የኖ ክሌም ቅናሽ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።