ጨዋ ቸልታ ምንድን ነው? በሊፍት ውስጥ ስላለው ዝምታና ፍርሃት

ጨዋ ቸልታ ማለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቦታ ሲገናኙ፣ አንዱ የሌላውን መኖር ማየቱን በአጭር ዕይታ ካሳወቀ በኋላ ዓይኑን ወዲያው በመመለስ «ከአንተ የምፈልገው የለኝም፤ አልፈራህም፣ አላስፈራህምም» የሚልበት ያልተነገረ ሥርዓት ነው። ሐሳቡን በዚህ መልክ ቀርጾ ያስተዋወቀው ትውልደ ካናዳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤርቪንግ ጎፍማን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች በአደባባይ እንዴት እንደሚተያዩና እንደሚተላለፉ በዝርዝር ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት፣ ለብቻ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሥርዓቱ በመንገድ ላይም፣ በታክሲ ሰልፍም፣ በሆስፒታል መጠበቂያ ክፍልም ይሠራል፤ ተጨምቆ የሚታየው ግን ሊፍት ውስጥ ነው። ሊፍት ለአስፈሪ ታሪክ እጅግ የተመቸ ቦታ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥርዓቱ ሁለት እርምጃ አለው፤ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ዓይንን መመለስ። ማየቱ ከቀረ ሌላው ሰው እንደ ዕቃ ተቆጠረ ማለት ነው፤ ጎፍማን ጌቶች አሽከሮቻቸው ቆመው እየሰሙ፣ ሰው እንደሌለ ቆጥረው የቤታቸውን ጉዳይ የሚያወሩበትን ልማድ ለዚህ ይጠቅሳል። ዓይን መመለሱ ከቀረ ደግሞ ማፍጠጥ ይሆናል፤ በእሱ ዘመን በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች አንዳንድ ነጮች በጥቁሮች ላይ ሆን ብለው የሚያሳርፉትን የጥላቻ አስተያየት በምሳሌነት ያነሣል። እንግዲህ ጨዋ ቸልታ ያለው በንቀትና በማፍጠጥ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ይህን ሚዛን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረን ተምረነዋል፤ በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን ሰው ላይ ሲያፈጥ ማንም የማይቀየመው ገና ሥርዓቱ ውስጥ ስላልገባ ነው።

ጎፍማን በእግረኛ መንገድ ላይ የሚሆነውን ሲገልጽ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ስምንት ጫማ፣ ማለትም ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ እስኪቀርብ ድረስ ማየት እንደሚቻልና ከዚያ በኋላ ዓይን ወደ መሬት እንደሚወርድ ይናገራል፤ ይህንንም መብራትን ዝቅ ከማድረግ ጋር ያመሳስለዋል፤ ሌሊት የሚተላለፉ ሾፌሮች ረጅሙን መብራት እንደሚያወርዱት ማለት ነው። አሁን ይህን ልኬት ወደ ሊፍት እናምጣው። በመኖሪያና በቢሮ ሕንፃዎች በብዛት የሚገጠመው፣ ግድግዳው ላይ «630 ኪ.ግ.፣ 8 ሰው» ተብሎ የተጻፈበት ዓይነት ሊፍት ወለሉ ብዙውን ጊዜ 1.10 ሜትር በ1.40 ሜትር ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ እንኳ ሁለት ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ወደ ውስጥ የገባ ሰው በመንገድ ላይ ለሁለት ሴኮንድ ብቻ የሚያደርገውን ነገር፣ በሩ ከተዘጋበት ጊዜ ጀምሮ እስኪከፈት ድረስ ያለማቋረጥ እንዲያደርገው ይገደዳል። ስምንቱም ቦታ ከሞላ ለአንድ ሰው ከአንድ አምስተኛ ካሬ ሜትር ያነሰ ይደርሰዋል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል በ1966 ባወጣው የርቀት ትንተና፣ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ከ45 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው ቅርበት ለፍቅረኛ፣ ለልጅና ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ የተተወ እንደሆነ ጽፏል፤ ሊፍት ይህን ቅርበት ስሙን ለማናውቀው ሰው በግዴታ ያድላል። አካል እንዲህ በቀረበበት ቦታ ለመራቅ የሚቀረው ብቸኛ መንገድ ዓይን ነው፤ ዝምታውና ወደ ቁጥሮቹ አንጋጦ ማየቱም የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ሰዎች ሊፍት ውስጥ የሚቆሙበት ቦታ ራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የገባው ወይ ወደ ቁልፎቹ ይጠጋል ወይ ከኋላ ግድግዳ ጋር ይደገፋል፤ ሁለተኛው በሰያፍ ያለውን ጥግ ይይዛል፤ ሦስተኛና አራተኛው የቀሩትን ጥጎች ይሞላሉ፤ አምስተኛው መሀል ላይ መቆም ግድ ይሆንበታል፤ ሁሉም ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። በቁልፎቹ አጠገብ የቆመው ሰው ሳይሾም ተሹሟልና «ስንተኛ ላይ ልጫንልዎ?» ማለት የእሱ ፈንታ ነው። ከውጭ እየተጨዋወቱ የመጡ ሁለት ጓደኛሞች ወይ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ ወይ ነገሩን አንጠልጥለው ይተዉታል። ከሁሉም ረቂቅ ሆኖ የማገኘው ግን ሰው ሲወርድ የሚሆነው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ስድስት ሰው ወርዶ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቢቀሩ መራራቅ አለባቸው፤ ሆኖም አንደኛው በሩ እንደተዘጋ ዘሎ ወደ ጥግ ቢሄድ ሌላውን የተጸየፈ ይመስላል፤ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያለው ይመስላል። ስለዚህ ቦርሳውን እንደሚያስተካክል ወይም ስልኩን ከኪሱ እንደሚያወጣ ሆኖ በግማሽ እርምጃ ይንሸራተታል። ማንም ያልጻፈው ሕግ ይህን ያህል የሠለጠነ ነው።

ሕጉ ምን ያህል እንደሚገዛን በ1962 የተላለፈ አንድ የአሜሪካ የስውር ካሜራ ፕሮግራም አሳይቷል። ተባባሪ ተዋንያን ወደ ሊፍት እየገቡ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ኋላ ግድግዳ አዞሩ፤ ምንም የማያውቀው ሰው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ሰዓቱን አየ፣ አፍንጫውን አሻሸ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እሱም ዞረ። ተዋንያኑ ወደ ጎን ሲዞሩ ወደ ጎን ዞረ፤ ኮፍያ ሲያወልቁ አወለቀ። የታየው ለሳቅ ነበር፤ ነገር ግን ያንን ሰው ያስጨነቀው ነገር ለአስፈሪ ታሪክም ጥሬ ዕቃ ነው።

ስለ ፍርሃቱ ስናነሣ መጀመሪያ ማሽኑን ከጥርጣሬ ነጻ ማውጣት ይገባል። ብዙ ሰው ገመዱ ተበጥሶ እወድቃለሁ ብሎ ይፈራል። ኤሊሻ ኦቲስ የተባለው አሜሪካዊ መካኒክ በ1854 በኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ከፍ ባለ መድረክ ቆሞ የተንጠለጠለበትን ገመድ በሕዝብ ፊት ያስቆረጠው ይህን ፍርሃት ለመስበር ነው፤ መድረኩ ጥቂት ወርዶ በፍሬኑ ተያዘ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ የእሱ ድርጅት የሠራው የመጀመሪያው የሕዝብ ሊፍት በብሮድዌይ ጎዳና በሚገኝ ሱቅ ውስጥ ሥራ ጀመረ። የዛሬዎቹ ባለገመድ ሊፍቶች በአንድ ሳይሆን በበርካታ የብረት ገመዶች የተንጠለጠሉ ሲሆኑ፣ ፍጥነት ከልክ ሲያልፍ ሳጥኑን ከሐዲዱ ጋር ቆልፎ የሚይዝ መንጋጋ አላቸው። በሌላኛው የገመድ ጫፍ ያለው ማመጣጠኛ ክብደት ደግሞ ከባዶው ሳጥን በላይ፣ የሚፈቀደውን ጭነት ግማሽ ገደማ ጨምሮ ስለሚመዝን፣ አንድ ሰው ብቻ የጫነ ሊፍት ፍሬኑ ቢለቀቅ ዝንባሌው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይደለም። በሐምሌ 28 ቀን 1945 አንድ የጦር አውሮፕላን በጉም ተጋርዶ ከኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ጋር ሲጋጭ የሊፍት ሠራተኛዋ ቤቲ ሉ ኦሊቨር ገመዶቹ ተቆርጠውባት 75 ፎቅ ያህል ወደቀች፤ ክፉኛ ብትቆስልም ተርፋለች። እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስ አውሮፕላን ሕንፃውን መምታት አስፈልጎታል።

ታዲያ ማሽኑ ይህን ያህል የታመነ ከሆነ የሚያስፈራን ምንድን ነው? በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለነው ከሰው ጋር ነው፤ መውጫ የለም፤ ምስክር የለም። የጨዋ ቸልታ ቃል ኪዳን የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች ስለጠበቁት ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ሲገጥመን እንሻገራለን፣ ሱቅ እንገባለን፣ ሰው እንጠራለን፤ ሊፍት ውስጥ ግን ቀጣዩ ፎቅ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ምስክር የሌለበት ሳጥን ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከልብ ወለድ ይልቅ ታሪክ በከፋ ሁኔታ አሳይቷል። በግንቦት 30 ቀን 1921 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ በተልሳ ከተማ፣ የ19 ዓመቱ ጥቁር ሊስትሮ ዲክ ሮውላንድ ድሬክስል ወደተባለው ሕንፃ ገባ፤ በአካባቢው ለጥቁሮች የተፈቀደው ሽንት ቤት ያለው እዚያ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱን የምታንቀሳቅሰው የ17 ዓመቷ ነጭ ልጃገረድ ሣራ ፔጅ ነበረች። በአቅራቢያው የነበረ የሱቅ ሠራተኛ የጩኸት ድምፅ ሰማ፤ ወጣቱ ሲሮጥ ታየ። በውስጥ የሆነውን ያዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በኋላ በሰፊው የተወሰደው ግምት ሲገባ ተደናቅፎ ክንዷን ያዘ የሚል ነው። በማግስቱ ታሰረ፤ የከተማው የከሰዓት ጋዜጣ ሊደፍራት ሞከረ ብሎ ጻፈ፤ የነጮች መንጋ ፍርድ ቤቱን ከበበ። ከዚያ ሌሊት እስከ ሰኔ 1 ቀን ድረስ ግሪንውድ የተባለው የበለጸገ የጥቁሮች ሰፈር 35 ያህል ብሎክ ተቃጠለ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች ወደሙ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ 300 እንደሚደርስ ይገመታል። ልጅቷ ክስ መመሥረት አልፈለገችም፤ በሮውላንድ ላይ የቀረበው ክስም በዚያው ዓመት ተዘጋ። የጥላቻው ነዳጅ ከሊፍቱ ውጭ፣ በከተማው ውስጥ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተጠራቀመ ነው። ነገር ግን ክሱ እንዲያ የተቀጣጠለው ማንም «አይቻለሁ» ሊል በማይችልበት ቦታ ስለተነሣ ጭምር ይመስለኛል።

የፊልምና የልብ ወለድ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ብዙ ወጪ አያስፈልጋቸውም፤ ዓይኑን የማይመልስ አንድ ሰው፣ ወይም ሌላ ቦታ ሞልቶ ሳለ አጠገብ የሚቆም ሰው፣ ወይም ቁልፍ ሳይጫን ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ይበቃቸዋል። ተመልካቹ ቢላዋ ሳያይ ልቡ ይመታል፤ የፈረሰው ሕግ ምን እንደሆነ ስም ባያወጣለትም መፍረሱን ያውቃልና። በበሩ ላይ የሚቀያየረው የፎቅ ቁጥር የጊዜ መቁጠሪያ ይሆናል፤ የሚከፈተው በር በስተኋላው ማን እንዳለ ሳይናገር ይከፈታል። ለብዙ ሴቶች ይህ የፊልም ጉዳይ አይደለም። ምሽት ላይ ብቻዋን ሊፍት የምትጠብቅ ሴት አንድ የማታውቀው ወንድ ሲደርስ ስልክ የተደወለላት መስላ «ይሂዱ፣ ይሂዱ» ብላ ቀጣዩን የምትጠብቀው፣ ቃል ኪዳኑ ቢፈርስ ዋጋው በማን ላይ እንደሚወድቅ አስልታ ነው። በዚህ ሁኔታ ከወንዱ የሚጠበቀው ጨዋ ቸልታ ከወትሮው የጠበቀ ነው፤ ከቁልፎቹና ከበሩ ራቅ ብሎ መቆም፣ የምትወርድበትን ፎቅ አለመጠየቅ፣ ወሬ አለመጀመር።

አዲስ አበባ ለብዙ ጊዜ የደረጃ ከተማ ነበረች፤ የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች በአብዛኛው ጂ ፕላስ አራት ሆነው ያለሊፍት ነው የተሠሩት። አሁን ግን የ40/60 ቤቶች ሊፍት አላቸው፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም ያለሊፍት የማይታሰብ ነው። በእኛ ሊፍቶች ውስጥ ጨዋ ቸልታ መልኩን ትንሽ ይለውጣል። የመጀመሪያው እርምጃ በዓይን ብቻ አይፈጸምም፤ በድምፅ ነው። የገባው ሰው ለማንም ሳይለይ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ የቆሙት በአንድነት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ዝምታው ይመለሳል። ሰላምታው ወሬ ለመክፈት የታሰበ አይደለም፤ ሌላው አገር በአጭር ዕይታ የሚያልቀውን የሚጨርስ ነው፤ ሳይል የገባ ሰው ግን «ኩሩ» ወይም «ተቀያሚ» ተብሎ ይታማል። በሩ ላይ ደግሞ ሌላ ትግል አለ። ከዘራ የያዙ አዛውንትና ፋይል የታቀፈች ወጣት እኩል ይደርሳሉ፤ «ይግቡ አባባ»፣ «ኧረ ግቢ ልጄ»፣ «አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ በሩ መዘጋት ይጀምራል፤ ከውስጥ የአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ይይዘዋል። («ኖር» ብሎ ከመቀመጫ የመነሣት ወግ ግን ሁሉም በቆመበት ሳጥን ውስጥ ቦታ አላገኘም።)

ሊፍቱ በመካከል ሲቆም ሥርዓቱ በአንድ ጊዜ ይሻራል። መብራት በጠፋ ቅጽበት እስከዚያ ድረስ ትንፋሹ ያልተሰማ ሰው «አይዟችሁ፣ አሁን ጄኔሬተር ይነሣል» ይላል፤ ሌላው የስልኩን መብራት ያበራል፤ አንዷ «በዚህ ሳምንት እኮ ሁለተኛው ነው» ትላለች። ሳጥኑ አየር እንዳይገባው ተደርጎ የታሸገ አይደለምና የመታፈን ስጋት መሠረት የለውም፤ አደገኛ የሚሆነው በሩን በጉልበት ከፍቶ ለመዝለል መሞከር ነው። ለብቻ የተያዘ ሰው ግን የሚያወራው የለም። በ1999 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሰው ከዓርብ ምሽት እስከ እሑድ ከሰዓት፣ 41 ሰዓት ያህል በቢሮ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ቀርቷል፤ የጥበቃ ካሜራው ሙሉውን ቀርጾታል፤ ካሜራውን የሚከታተል ዓይን ግን አላየውም። ቸልታው ጨዋነቱ ተወስዶበት ባዶ ቸልታ ሲሆን የሚፈጥረውን ፍርሃት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

አብረው የተያዙት ሰዎች ከወጡ በኋላ የሚያጋጥማቸውም ነገር አለ። ስም ተለዋውጠዋል፣ ስለ ልጆቻቸው ተጨዋውተዋል፣ ሠፈር ተጠያይቀዋል። ጎፍማን እንደሚለው መተዋወቅ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ያለምክንያት ሊሻር አይችልም። ስለዚህ በማግስቱ በዚያው ሊፍት ሲገናኙ እንደ ትናንቱ ዓይን መልሶ ቁጥር መቁጠር የለም፤ «ደህና ገባችሁ?» መባባል ግዴታ ነው፤ ከመካከላቸው ዝም ያለ ሰው ካለ ዝምታው ጨዋ ቸልታ መሆኑ ቀርቶ ኩርፊያ ተብሎ ይቆጠርበታል።