ስፓሻል ትራንስክሪፕቶሚክስ ምንድን ነው? (ነጥቡ ህዋስ አይደለም)

የዕጢ ናሙና ባለቀለም ካርታ በወጣ ቁጥር «እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ህዋስ ነው» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። አይደለም።

ስፓሻል ትራንስክሪፕቶሚክስ ህብረ ህዋስ ሳይፈጭ፣ የትኛው ጂን የት ቦታ እንደሚሠራ ኤምአርኤንኤ (የሚሠራ ጂን የሚያወጣውን የመልእክት ቅጂ) ቆጥሮ በካርታ ማስቀመጥ ነው። (ኤምአርኤንኤ ነው፤ ፕሮቲን አይደለም።) ለዚህ ሥራ በተለመደው፣ ቪዚየም በተባለው ስላይድ ላይ ኤምአርኤንኤውን የሚይዘው ነጥብ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 55 ማይክሮሜትር ነው። ሊምፎሳይት (የነጭ የደም ህዋስ ዓይነት) አብዛኛውን ጊዜ 10 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በአንድ ነጥብ ላይ ስንት ህዋስ እንደሚያርፍ አስቡት።

ነጥቦቹ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ተራርቀው እንደተሰቀሉ ማይክሮፎኖች ናቸው። አንዱ ማይክሮፎን ሁለት ቋንቋ ቢቀዳ፣ ከሥሩ ሁለቱንም የሚናገር ሰው አለ ማለት አይደለም። አስተያየት ሰጪው ግን የቲ ሴል (አንድ የሊምፎሳይት ዓይነት) እና የኤፒቴልየም (የሸፋኝ ህብረ ህዋስ) ጂኖችን አንድ ነጥብ ላይ ሲያይ «አዲስ ዓይነት ህዋስ ተገኘ» ይላል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ህዋሳት ናቸው እንጂ! ጯሂው ዝምተኛውን ይውጠዋል። በማይክሮፎኖቹ መሀል ያሉትን ደግሞ የሚሰማ የለም፦ ከመሀል እስከ መሀል ርቀቱ 100 ማይክሮሜትር ስለሆነ ነጥቦቹ የሚሸፍኑት ከቁራጩ ሩብ ያህሉን ብቻ ነው።

ድምፁ የገደል ማሚቶም አለው። በቅዝቃዜ በረዶ በሆነ 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ላይ የህዋሱን ሽፋን የሚበሳሳው ኢንዛይም ጥቂት ከቆየ ኤምአርኤንኤው አይወጣም፤ ከመጠን በላይ ከቆየ ወደ ጎረቤት ነጥብ ይፈሳል። ለዚህ ነው ደቂቃው ለየህብረ ህዋሱ ዓይነት አስቀድሞ የሚሞከረው። መፍሰሱን ለማወቅ ከቁራጩ ጠርዝ ወጣ ብለው ያሉትን ባዶ ነጥቦች ተመልከቱ፤ እዚያ የቁራጩ ጂኖች በብዛት ከተነበቡ ውስጡንም አትመኑት።

«አሁንማ በነጥብ ፋንታ 2 ማይክሮሜትር ካሬ ላይ ተደርሷል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በአንዱ ካሬ የሚያዘው ኤምአርኤንኤ ጥቂት በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ወደ 8 ተጠቃሎ ነው የሚተነተነው። ካሬ ደግሞ የህዋስን ድንበር አያውቅም፤ ድንበሩ ከቀለም ምስሉ ላይ መሠመር አለበት፣ አሠማመሩም ይሳሳታል።

ነጥቡን በየህዋስ ዓይነቱ የሚከፋፍሉ ፕሮግራሞች የሚሰጡት ግምት ነው። ፕሮግራሙ በሚያነጻጽርበት፣ ህዋሳት አንድ በአንድ ተነበው በተዘጋጀው ማጣቀሻ ውስጥ አንድ ዓይነት ህዋስ ከጎደለ፣ ፕሮግራሙ ድርሻውን ለሌሎቹ ያከፋፍለዋል፤ ካርታው ላይ ምንም የጎደለ አይመስልም።