«አ ዎፕ ቦፓ ሉ ቦፕ»፦ የሊትል ሪቻርድ አባባሎች ከየት መጡ? ምንስ ማለት ናቸው?

«አ ዎፕ ቦፓ ሉ ቦፕ አ ሎፕ ባም ቡም!» የድሮ ሮክ ኤንድ ሮል የሚያዳምጥ ሰው ይህቺን ጩኸት ሳይሰማ አይቀርም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን አትፈልጓት። የከበሮ ምት በአፍ ሲመታ ነው የሚሉ አሉ፣ ያስኬዳል። ባለቤቱ አሜሪካዊው ዘፋኝ ሊትል ሪቻርድ ግን የራሱ ታሪክ ነበረው፣ እኔም የሱ ይበልጥብኛል።

ሊትል ሪቻርድ፣ በእውነተኛ ስሙ ሪቻርድ ፔኒማን፣ የተወለደው በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጆርጂያ ግዛት፣ ሜከን ከተማ ነው። ዘፈኑ እንጀራ አልሆን ሲለው በከተማዋ የግሬይሃውንድ አውቶቡስ ጣቢያ ወጥ ቤት ዕቃ ያጥብ ነበር። በ1970 በሰጠው ቃለ መጠይቅ እንዳወራው፣ አለቃው የቆሸሸ ድስት ይቆልልበታል፣ ያንን አጥቦ ሳይጨርስ ሌላ ይመጣል፣ ደግሞ ሌላ። መልስ መስጠት አይታሰብም። በዚያ ዘመን በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ነው የሚኖሩት፣ ጥቁር ሠራተኛ አለቃው ላይ አፉን ቢከፍት ሥራውን ብቻ አጥቶ ከተገላገለ ዕድለኛ ነው። እናም አንድ ቀን ምርር ሲለው «አ ዎፕ ቦፓ ሉ ቦፕ... ውሰዱልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ስለዚህ ትርጉሟን ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ሊሰድቡት የማይቻልን ሰው መስደቢያ ናት። አለቃው ቢሰማም የሚከሰው ነገር የለም። ምን አለኝ ሊል ነው?

ጩኸቷ ዘፈን የሆነችው መስከረም 1955 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ነው። አዘጋጁ ባምፕስ ብላክዌል ሪቻርድን ስቱዲዮ አስገብቶ ብሉዝ ያስዘፍነዋል፣ ነገሩ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ አልጥም አለው። ለምሳ ድው ድሮፕ ኢን ወደሚባለው ቤት ሄዱ። እዚያ ፒያኖ አለ፣ ሰው አለ፣ ሪቻርድም ሰው ሲያይ አያስችለውም። ፒያኖው ጋ ቁጭ ብሎ በየመጠጥ ቤቱ የሚዘፍናትን፣ ግጥሟ ለጆሮ የማይመች «ቱቲ ፍሩቲ»ን ለቀቀው። ብላክዌል ያገኘው ነገር ገብቶታል፣ ችግሩ ይሄ ግጥም በሬዲዮ አያልፍም። ዶሮቲ ላቦስትሪ የምትባል ወጣት ገጣሚ ተጠርታ ብልግናውን እንድታጸዳው ሆነ። ያ ዓይን አውጣ ሪቻርድ ግን ግጥሙን ፊቷ ላይ ለመዝፈን አፈረ! ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የዘፈነላት። የስቱዲዮው ሰዓት ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ተቀዳ። ግጥሙ ሲታጠብም የወጥ ቤቷ ጩኸት ከዘፈኑ አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን «ጩኸቴን ቀሙኝ» የሚለው አባባላችን ቁልጭ አድርጎ ይገልጸዋል። ፓት ቡን የተባለ ጨዋ፣ ነጭ ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን አለስልሶ ዘፈነውና በፖፕ ሰንጠረዡ ከሪቻርድ በላይ ወጣ። ሪቻርድ ደግሞ ከአንድ ሸክላ የሚደርሰው ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ቀጣዩን «ሎንግ ቶል ሳሊ»ን ሲቀዱ ፓት ቡን ምላሱ እንዳይደርስበት ብለው ሆን ብለው አፈጠኑት። ሰውየው እሱንም ዘፈነው! ያኔ ግን የሪቻርድ በለጠ። ስለዚያ ዘመን የተናገራት አባባል ከሁሉ ትገርመኛለች፦ የነጭ ልጆች የፓት ቡንን ሸክላ ኮመዲኖው ላይ ያስቀምጡታል፣ የኔን መሳቢያ ውስጥ። ማለትም ቤተሰብ የሚያየው ሌላ፣ ልጆቹ የሚሰሙት ሌላ።

ኩሉንና ፓውደሩን የወደደው ለታይታ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። እሱ ግን ነጮቹ ወንዶች ሴቶቻቸውን የምመኝ እንዳይመስላቸው ነው የምቀባው፣ ደግሞም ያምራል ይል ነበር። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። የሚያስቅ መልስ ነው፣ ግን ጥቁር ወንድ ነጭ ሴት አየ ተብሎ የሚገደልበት አገር ውስጥ ሆነህ ስታስበው ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

«የሮክ ኤንድ ሮል አርክቴክት እኔ ነኝ» የሚለው ፉከራውስ? ለዓመታት በየቴሌቪዥኑ ይደጋግመዋል፣ ሰው ሲስቅበት «ሻት አፕ!» ብሎ ይጮህበታል፣ ሰዉ የባሰ ይስቃል። የዚህ አባባል ዋና ቀን ግን በ1988 የግራሚ (የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት) ምሽት ነው። የምርጥ አዲስ አርቲስት አሸናፊን እንዲያስታውቅ ከዘፋኙ ዴቪድ ጆሃንሰን ጋር መድረክ ላይ ወጣ። ጆሃንሰን ፀጉሩን ሽቅብ አቁሞታል። ሪቻርድ አየት አደረገውና «እኔም እንደዚህ ነበር የማበጥረው፣ ያለኝን ሁሉ ይወስዱብኛል» አለ። ከዚያ አሸናፊውን ሊያስታውቅ ሆነ። «አሸናፊው... እኔ ነኝ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ቀጠለ፦ ስንት ዓመት ስዘፍን አንድ ግራሚ ሰጥታችሁኝ አታውቁም፣ ምንም አልሰጣችሁኝም፣ አርክቴክቱ እኔ ነኝ! ሰዉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። «አሸናፊው... አሁንም እኔ ነኝ» አለ። የጆዲ ዋትሊን ስም የጠራው ስንት ካስጠበቀ በኋላ ነው።

ቪዲዮውን ፈልጋችሁ ብታዩት ቀልድ ነው ብላችሁ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ፊቱን ልብ በሉ። ዕዳ የሚጠይቅ ሰው ፊት ነው፣ በቀልድ ጠቅልሎ የሚጠይቅ። የመጀመሪያው የኤልቪስ አልበም ላይ «ቱቲ ፍሩቲ» አለች። ቢትልሶች ገና ዝነኛ ሳይሆኑ በ1962 ከሱ ጋር አንድ መድረክ ላይ ሠርተዋል፣ ያቺን የፖል ማካርትኒን «ዉዉ!» እኔ ነኝ ያስተማርኩት ይል ነበር። ንጉሥ የሚለውን ማዕረግ ኤልቪስ ወስዶታልና እሱ ደግሞ ቤቱን የነደፍኩት እኔ ነኝ አለ።

እርግጥ ብቻውን አልነደፈውም። ቸክ ቤሪና ፋትስ ዶሚኖም ነበሩ። ፀጉሩንና ኩሉን ከዘፋኙ ቢሊ ራይት፣ የፒያኖ አመታቱን ከፒያኖ ተጫዋቹ ኤስኬሪታ ነው የቀሰመው፣ ይህንንም ራሱ አልደበቀም። በ1957 ደግሞ ሁሉንም ትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባው፣ ኋላም ሮክ ኤንድ ሮልን የሰይጣን ሙዚቃ ያለው ይሄው አፍ ነው። አንዳንዴ የትኛውን እንደሚያምን መያዣ አልነበረውም።

ግራሚ በ1993 የሕይወት ዘመን ሽልማት ሰጠው። በ2020 በ87 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ተወዳድሮ ያሸነፈው ግራሚ ግን የለም።