የመድረክ ፍርሃት በኮርቻ ላይ ምንድን ነው?

ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ጉሙ ገና ከሜዳው አልተነሳም። አንዲት ልጅ አምባላይ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ትዞራለች። ወገቧ ቀጥ ብሏል፣ ዛቡን፣ የልጓሙን ገመድ፣ በጣቶቿ ብቻ ይዛዋለች። ፈረሱም አንገቱን ለቀቅ አድርጎ በሶምሶማ ይሄዳል። እናቷ ከሚኒባስ ወርዳ መጣችና አጥሩን ተደገፈች። ልጅቷ አየቻት። ወዲያው ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ዛቡን ጭብጥ አደረገችው። ፈረሱ አንገቱን ሰቀለና በጎን መሄድ ጀመረ።

ፈረሱ ያው ፈረስ ነው። ሜዳውም ያው ነው። የተጨመረው የእናቷ ዓይን ብቻ ነው።

የመድረክ ፍርሃት ማለት ይሄ ነው። ብቻችንን አሳምረን የምንሠራውን ነገር ሰው ሲያየን መሥራት ሲያቅተን፣ «ባበላሸው ምን ይሉኛል» የሚለው ሐሳብ እጅና እግራችንን ሲያስረን። ስሙ ዘፋኝና ተዋናይን ያስታውሰናል። ግን መድረክ ለመሆን የሚያስፈልገው ተመልካች ብቻ ነው። አጥር የተደገፈች አንዲት እናት ትበቃለች።

መውደቅን መፍራት ሌላ፣ መታየትን መፍራት ሌላ ነው። እዚህ ላይ ባንቀላቅለው ጥሩ ነው። ፈረስ ከሁለት ኩንታል በላይ የሚመዝን፣ ፌስታል በነፋስ ሲንኮሻኮሽ የሚደነብር እንስሳ ነው። የኮርቻው መታጠቂያ ከላላ፣ ፈረሱ ካነከሰ፣ ራሳችሁ ላይ ሄልሜት ከሌለ የሚመጣው ፍርሃት ልክ ነው። ስሙትና ውረዱ። ሁለተኛው ግን ምንም አደጋ በሌለበት ይመጣል፤ አደጋውንም ራሱ ይፈጥራል።

እኔ መጋለብ የጀመርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ለወራት ምንም አልነበረብኝም። ከዚያ እርስ በርሳችን ትንሽ ውድድር አዘጋጀን፤ ተመልካቹ ሠላሳ ሰው አይሞላም። ሥራው ቀላል ነበር፤ በተደረደሩ ኮኖች መሃል በሶምሶማ እየተጠማዘዙ ማለፍ። ሦስተኛው ኮን ላይ ስደርስ መንገዱ ከጭንቅላቴ ጠፋ። አፌ ደረቀ። የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። ተረከዜ የፈረሱን ጎን ይመታል፣ እጄ ዛቡን ይስባል። ሂድም፣ ቁምም እያልኩት ነው። ምስኪን፣ የትኛውን ይስማ? ወደ ኋላ ሄደ። ያን ማታ ሳለቅስ ከፊቴ አልጠፋ ያለኝ የፈረሱ ግራ መጋባት ነበር።

ምን ሆኜ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ስንፈራ ሰውነታችን አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ወደ ደረት ይወጣና ያጥራል፣ ጡንቻ ይጠነክራል። በእግር ለመሮጥ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ኮርቻ ላይ ግን እያንዳንዱ ነገር መልእክት ነው። ጭን ሲጨብጥ «ፍጠን» ነው። እጅ ሲስብ «ቁም» ነው። ደረት ወደ ፊት ሲያዘነብል ደግሞ «ሩጥ» ይሆናል። አፋችን ዝም ብሎ ሰውነታችን ይጮሃል ማለት ነው። ፈረስ ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ የዚያችን ቦታ ቆዳ ነጥሎ የሚያንቀጠቅጥ ፍጡር ነው። የእኛ ጭን እንዴት ያመልጠዋል?

በዚያ ላይ ፈረስ አዳኝ አይደለም፣ የሚታደን እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው ኋላ ካለችው ትንሽ ቦታ በቀር ዙሪያውን ሁሉ ያያል። በመንጋ ውስጥ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው ምክንያቱን ቆሞ አይጠይቅም፤ ይሮጣል። ሰው ሲቀመጥበት የመንጋው አባል እኛ ነን።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት ይህንን በቀላል ነገር አሳይቷል። ሰዎች ፈረስ እየመሩ ወይም ተቀምጠውበት አንዱን መንገድ ደጋግመው ሄዱ። ከአራተኛው ዙር በፊት «አሁን ስታልፉ ጃንጥላ ድንገት ይከፈታል» ተባሉ። ጃንጥላው አልተከፈተም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ፤ የፈረሶቹም ጨመረ። ለፈረሶቹ ስለ ጃንጥላ የነገራቸው የለም።

ጃንጥላ ሲባል ለእኔ የሚታየኝ ጃን ሜዳ ነው። በጥምቀት፣ በእልልታና በከበሮ መሃል ጉግስ የሚጫወት ፈረሰኛ። ያ ሁሉ ጃንጥላ እያለ ፈረሱ ካልደነበረ፣ ግማሹ ምክንያት ከላዩ የተቀመጠው ሰው ይመስለኛል።

«ፈረስ ፈሪን ያውቃል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ፈረሱ የሚንቀው ይመስለዋል። እኔን ያስተማሩኝ አባት ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ፈረስ መናቅ አያውቅም። ‹ይቺ ሰው ምን አይታ ነው የፈራችው?› ብሎ ነው ዙሪያውን የሚያየው።» ከዚያ ወዲህ ፈረስ ሲጨነቅብኝ መጀመሪያ የማየው የራሴን እጅ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ሰውየውና ፈረሱ በአንድ ስም ይጠሩ የነበረው በከንቱ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? «አትፍሪ» ማለት አይሠራም። የፈራ ሰው ላይ መፍራቱን መደበቅ የሚባል ሌላ ሥራ መጨመር ነው። የሚሠራው ሰውነትን መያዝ ነው፣ በተለይ ትንፋሽን። በፈረሱ ሦስት እርምጃ አስገቡ፣ በአምስት እርምጃ አውጡ። ማውጣቱ መርዘም አለበት። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ቢያጥር ፍርሃት ብቻ አይምሰለው። ረጅም ስትተነፍሱ ጭናችሁ ይላላል። ብዙ ጊዜ ፈረሱም ተከትሎ ፉር ብሎ ያወጣዋል፣ አንገቱንም ዝቅ ያደርጋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የረዳኝ ማንጎራጎር ነው። እያንጎራጎሩ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም። ዜማው ምንም ይሁን፣ ለራስና ለፈረሱ ጆሮ ብቻ ይሰማ። ዓይንን ደግሞ ከጋማውም ከተመልካቹም አንስቶ ወደሚሄዱበት መላክ ነው። እኛ ሜዳ ዳር ካሉት ባሕር ዛፎች አንዱን እንመርጣለን። ለድፍረት ብሎ አረቄ የሚቀምስ ሰው አይቻለሁ። ሚዛንን የሚያጠፋ ነገር ቀምሶ ፈረስ ላይ መውጣት በፈረሱም በራስም ላይ መፍረድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአገራችን እንውሰድ፤ ፉከራን። ፎካሪ ልቡ እንዲረጋጋ አይለምንም። እየመታ ያለውን ልብ ወኔ ብሎ ይጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪ ጥናትም ወደዚሁ ይጠጋል። ሰው ፊት ከመናገራቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ሠርተዋል። የልብ ምት ለሁለቱም ስም አንድ ነው። ታዲያ ፉከራችሁን መሬት ላይ፣ ከፈረሱ ራቅ ብላችሁ ጨርሱ። ኮርቻው ላይ ስትወጡ ትንፋሹ ይረከበው።

ቀሪው ልምምድ ነው፤ ዓይንን ቀስ በቀስ መልመድ። አንድ ሰው ይይ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ አሥር። ኮኑንም ሆን ብላችሁ ሳቱትና እንዴት እንደሚታረም ተለማመዱ። ስህተቱን ቀድሞ ያወቀው ሰው ሰው ፊት ሲመጣበት አይደነግጥም።

ያቺን ልጅ እንዲሁ ነበር ያደረግናት። እናቷን መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ እንድትቆም ለመንናት። ከበዳት፤ የልጇን ሶምሶማ ለማየት ነበር ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው። ግን እሺ አለች። ሁለት ቅዳሜ ፊቷን ወደ ጎጃም መንገድ አዙራ፣ ሲኖትራኮቹን እያየች፣ ኮቴውን ብቻ ሰማች። በሦስተኛው በጎን ቆመች። በአራተኛው ቅዳሜ ዞረች። ልጅቷ አየቻት፣ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ አለ፣ ፈረሱም አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ መለሰ። ከዚያ ማንጎራጎሯ ተሰማን።