አለን ፕሬስኮት፦ ክንዱ ተሰብሮ ከሜዳ ያልወጣው አምበል

አለን ፕሬስኮት በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሴንት ሄለንስና የታላቋ ብሪታንያ ራግቢ ሊግ ቡድን አምበል የነበረ እንግሊዛዊ ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በአብዛኛው በአንድ ቀን ጨዋታ ነው፤ ያም ትንሽ ይበድለዋል።

ራግቢ ሊግ በ1895 ሃደርስፊልድ ከተማ ላይ ከነባሩ ራግቢ ተገንጥሎ የወጣ የሰሜን እንግሊዝ ጨዋታ ነው። የጠቡ መነሻ ገንዘብ ነበር፦ ለጨዋታ ሲል ከሥራ የቀረ ማዕድን ቆፋሪ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ የቀረበትን ደመወዝ ክለቡ ይክፈለው ወይስ አይክፈለው? ፕሬስኮት በ1927 የተወለደባት ዊድነስ የኬሚካል ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ስም ያተረፈባት ሴንት ሄለንስም በመስታወትና በድንጋይ ከሰል ትታወቅ ነበር።

ሃሊፋክስ ክለብ ውስጥ ሲጀምር የመስመር ተጫዋች ነበር። በ1949 ወደ ሴንት ሄለንስ ከተዛወረ በኋላ ግን ፕሮፕ ሆነ፤ ማለትም ፊት ለፊት ገጥመው ከሚገፉት ግዙፍ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። የሯጭነቱ ፍጥነት ግን አብሮት ቀረ። በ1956 ዌምብሌይ ላይ የቀድሞ ክለቡን ሃሊፋክስን 13 ለ 2 ሲረቱ ዋንጫውን ያነሳው እሱ ነው፤ ለክለቡ የመጀመሪያው ቻሌንጅ ካፕ (የራግቢ ሊግ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ነበር። የፍጻሜው ኮከብ የሚሸለመውን የላንስ ቶድ ሽልማትም ወሰደ።

በ1958 የታላቋ ብሪታንያን ቡድን ይዞ አውስትራሊያ ሄደ። ከአውስትራሊያ ጋር ካደረጓቸው ሦስት ግጥሚያዎች የመጀመሪያውን ሲድኒ ላይ 25 ለ 8 ተሸነፉ። ጁላይ 5 ቀን ብሪዝበን ላይ ደግሞ ጨዋታው ገና ከመሟሟቁ የፕሬስኮት ቀኝ ክንድ ተሰበረ። በዚያን ጊዜ ተቀያሪ የሚባል ነገር የለም፤ የወጣ ሰው ቦታው ባዶ ይቀራል። የቡድን ጓደኛው ዴቪድ ቦልተንም ትከሻን ከደረት የሚያገናኘው አጥንቱ ተሰብሮ ስለወጣ ከ13ቱ የቀሩት 12 ናቸው። ሌሎችም ቆስለው ይጫወቱ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሐኪም ቢያስጠነቅቀውም አምበሉ ተመልሶ ገባ። ኳስ በግራ እጁ እያቀበለ፣ በአንድ ክንዱ ሰው እየያዘ እስከ መጨረሻው ቆመ። ውጤቱ 25 ለ 18 ለብሪታንያ። (ዛሬ ይህን የሚፈቅድ ሐኪም ከሥራው ይባረራል፤ ቢባረርም እውነታቸውን ነው።)

ሦስተኛውን ግጥሚያ ፊል ጃክሰን በአምበልነት መርቶ 40 ለ 17 አሸነፉ፤ ፉክክሩም 2 ለ 1 ተዘጋ። ፕሬስኮት ከብሪዝበን በኋላ ለብሔራዊ ቡድኑ አልተሰለፈም፤ ያ 28ኛውና የመጨረሻው ጨዋታው ሆነ። በአሠልጣኝነት ሴንት ሄለንስን ይዞ በ1961 ዊጋንን 12 ለ 6 በማሸነፍ ዌምብሌይ ላይ ዳግም ዋንጫ በላ። ለተጎዳ ተጫዋች ተቀያሪ ማስገባት በእንግሊዝ የተፈቀደው በ1964 ነው፤ ከብሪዝበን 6 ዓመት ዘግይቶ።